ውሉ አልተገኘም

ጥቆማው ፊርማ የለው፣ ስም የለው፣ ቀን የለው፤
«አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ ጥግ ያለው በር ነው።
ሌሊት ሌሊት በሩን የሚቧጥጥ አለ፤
ድመት ክልክል ከሆነ፣ ሕጉ የት ዋለ?»

እኔ የሲንጋፖር ቤቶች ተቆጣጣሪ፣
በቶአ ፓዮ ሰፈር የሰው ደጅ ቆርቋሪ፣
ቅጽ በብብቴ ይዤ፣ እስክሪብቶ በኪሴ፣
ወበቁ አጣብቆት ከገላዬ ልብሴ፣
ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ ደረጃ ቆጥሬ፣
የብረት ፍርግርጉን አንኳኳሁ፤ አፍሬ።

ወይዘሮ ጌክ ሊያን ከፈቱ። አጭር ናቸው።
ሹራብ ይሠራሉ፤ ክር ሞልቷል እጃቸው።
«ግባ» አሉኝ፤ ገባሁ። «ጠጣ» አሉኝ፤ ጠጣሁ።
ለሥራ ነው የመጣሁ፣ ጫማዬን አወጣሁ።

ዓይኔ ግን አላረፈም። የሶፋው ክንድ ፈርሷል፤
ከአልጋው ግርጌ ሳህን፣ ዓሣ ተልሶበት ደርቋል።
«ይኼ ሳህን የማን ነው?» «የኔ ነው።» «ወለል ላይ?»
«ጉልበቴን ሲያመኝ ነው የምበላው መሬት ላይ።»
ጉልበቱን ያመመው መሬት ይቀመጣል?
ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሻዩ ምላስ ያቃጥላል።

«ሶፋውስ?» «ባሌ ነው፣ ኪም ስዊ፤ አፈር ይቅለለው፤
ጥፍር መቆረጥ አይወድም፤ ምን ላርገው?»
ሟቹ ከግድግዳው፣ ከፎቶው መስታወት፣
አዩኝ፤ አላሉኝም እውነት ወይ ሐሰት።

ውሉን አነበብኩኝ፣ አንቀጹን ጠርቼ፣
የተከለከለውን በጣት አሳይቼ።
«ልጄ» አሉ «ይህ ሊዝ ዘጠና ዘጠኝ ነው።
ስንፈርም ኪም ስዊ ሳቀ፤ ‹ማን ሊጨርሰው?›
እኔ ሰባ ስምንት። ድመት፣ አለች ሳልልህ፣
አሥራ አምስት ብትኖር ነው። ደምረው በጣትህ።
ዘጠና ሦስት አይደል? ስድስት ይተርፋል።
እሱን ስድስት ዓመት ማን ይኖርበታል?»

እንዲህ ያለ ሂሳብ ደምሬ አላውቅም።
መልስ ሳላገኝለት
ልቃቂቱ ከጭናቸው ተንሸራቶ ወደቀ፤
ተንከባለለ፤ ቆመ፤ ደግሞ ከአልጋው ሥር ዘለቀ።
ነፋስ የለም።
ክሩ ግን ይጎተታል።

ተንበረከክኩ፣ የክሩን ውል ፍለጋ፤
ጉንጬ ከሲሚንቶው፣ ራሴ ከሥረ አልጋ።
ሁለት ቢጫ ዓይኖች። ውሉ በጥፍሯ።
አየኋት፤ አየችኝ፤ ተራዬና ተራዋ።

ተነሣሁ። ሱሪዬን አራገፍኩ።
ቅጹ ላይ «ድመት፦ አለች፣ የለችም» የሚለውን ዘልዬ
«ሌላ አስተያየት» ከሚለው ሥር ጻፍኩ፦
«ተተብትቧል። ውሉ አልተገኘም።»
አለቃዬ አነበበ። «የሊዙ ውል ነው?» አለኝ። ሳልኩ።
ማኅተሙን መታበት።

*

ብዙ ዝናብ ዘንቦ ሕጉ ላላ።
ያንኑ ደረጃ ወጣሁ፤ ቅጹ አሁን የፈቃድ ነው።
ጎረቤታቸው ሮሃያ የዓሣ ጭንቅላት ይዛ በር ላይ ቆማለች፤
ያኔ ማን እንደጠቆመ አልጠየቅኳት፤ እሷም አልነገረች።

«የድመቷ ስም?» ስል ወይዘሮ ጌክ ሊያን አቀረቀሩ።
«ስም የላትም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ይሰማል እስከ በሩ።
በማንኪያ ነበር፤ ሳህኑን ሁለቴ፣ ቀስ ብዬ።»
እስክሪብቶውን ይዘው ብዙ አሰቡ።
ከዚያ ሳቁ።
«ኪም ስዊ በል። ሶፋውን የቧጠጠው ኪም ስዊ ነው ብዬሃለሁ፤
በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም አልባልም።»

ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው
ስንት ዓመት ያፈኑትን ድምፅ ለቀቁት፦
«ኪም ስዊ!»
ልብስ ከተሰጣባቸው ቀርከሃዎች ሥር
ስሙ ሄደ፤ ተመለሰ። ሦስት በር ተከፈተ።

ድመቷ ከፈረሰው የሶፋ ክንድ ላይ ተኝታለች፤
እሷ መሆኗን በምን ታውቃለች?
«ኪም ስዊ!»
ምንም።

ገቡና ማንኪያውን አነሡ።